የዳንኤል ፕሬን ታሪክ

ቪልና የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ቪልኒዩስ ተብላ የሊትዌንያ መንግሥት ዋና ከተማ ናት ፤ በቀድሞ ዘመን ግን በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች። ብዙ አይሁድ ይኖሩባት ስለ ነበረ ፥ መጻሕፍትና መምህራንም ስለ በዙባት ፥ በአይሁድ ሁሉ ዘንድ የትምህርት ከተማ ተብላ ስሟ የተጠራ ነበር። በዚህች ከተማ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1904 ዓመት ከአይሁድ ወገን አንድ ልጅ ተወለደ ፤ ስሙም ዳንኤል ፕሬን ይባላል። በዚህ ታሪክ የሚጻፈው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ዳንኤል ያደገው በሴንት ፒተርስበርግ ፥ በመስኮብ ነገሥታት መናገሻ ነው። በ1914 ዓመት ታላቁ ጦርነት ተነሣ። በ1917 ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋኑ ወረደ ፤ በአገሩም ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋጋ ፥ እንጀራ ጠፋ ፥ ሰውም ቤቱን እየጣለ ተሰደደ። ከተሰደዱትም መካከል የፕሬን ቤተ ሰብ አንዱ ነበር። ወደ ምዕራብ ተጕዘው ጀርመን አገር ገቡ ፤ በበርሊን ከተማም ተቀመጡ።

ስደተኛ ሰው ወደ አዲስ አገር ሲገባ ሁለት ሥራ አለበት ፤ አንደኛው እንጀራውን መፈለግ ነው ፥ ሁለተኛውም የአገሩን ቋንቋና ልማድ መማር ነው። ዳንኤል ገና ወጣት ስለ ነበረ ሁለቱንም ቶሎ ቻለ። በበርሊን ምሕንድስና ተማረ ፤ በትምህርቱም ጐበዝ ነበረ። ይህንም ትምህርት ልብ ብሎ ማስታወስ ያስፈልጋል ፤ በኋላ ሌላው ሁሉ በተወሰደበት ቀን ሊወስዱበት ያልቻሉት እርሱን ነውና። ከትምህርቱ በቀረው ጊዜ ቴኒስ ይጫወት ነበር።

የቴኒስ ጨዋታ እንደዚህ ነው። ርዝመቱ ወደ 24 ሜትር የሚሆን ሜዳ በነጭ መሥመር ይከለላል ፤ በመካከሉም መረብ ይዘረጋል። ሁለት ሰዎች ከመረቡ ወዲህና ወዲያ ይቆማሉ ፤ በእጃቸውም መምቻ ይይዛሉ ፤ በዚያ ዘመን መምቻው እንጨቱ እንደ ወንፊት ክብ ሆኖ በጅማት የተጠላለፈ ነበር። አንዱ ኳሷን በመረቡ ላይ አሳልፎ ሲመታ ሁለተኛው ኳሷ መሬት ሁለት ጊዜ ሳትነካ መመለስ አለበት። ኳሷን በመረቡ ውስጥ የጣለ ወይም ከመሥመር ውጭ ያወጣ ሰው ነጥቡን ለባላጋራው ይሰጣል። ከነጥብ ጌም ይሠራል ፥ ከጌምም ዙር ይሠራል። ስድስት ጌም ቀድሞ ያገኘ ሰው ዙሩን ያሸንፋል ፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን አምስት ለአምስት የሆኑ እንደ ሆነ አንዱ በሁለት ጌም እስኪበልጥ ድረስ መጫወት ነበረባቸው። በትልልቆቹ የወንዶች ውድድሮች ከአምስት ዙር ሦስቱን ያሸነፈ ባለ ድል ይሆናል። ስለዚህ አንድ ግጥሚያ ሦስት ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለሚያየው ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስላል ፤ ለሚጫወተው ግን እግርን ፥ ክንድንና ልብን የሚፈትን ብርቱ ሥራ ነው።

በበርሊን ጫፍ ግሩነቫልድ በሚባለው ደን አጠገብ ቀይና ነጭ የሚባል የቴኒስ ማኅበር ነበረ። ሜዳው ቀይ አፈር ነው። በማኅበሩም ባለጠጎች ፥ መኳንንትና ነጋዴዎች ይሰበሰቡ ነበር ፤ ከነርሱም ብዙዎቹ አይሁድ ነበሩ። ፕሬን በዚህ ማኅበር ገብቶ ይጫወት ጀመር።

አጨዋወቱ እንደ ሌሎች ዝነኞች ለዓይን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ኳስን በአንድ ምት ገድሎ የሚያስጨበጭብ ሰው አልነበረም። እርሱ ከሜዳው ኋላ ቆሞ የመጣችውን ኳስ ሁሉ ይመልሳል ፤ ባላጋራው አሥር ጊዜ ቢመታ አሥር ጊዜ ይመልሳል። በዚህ መካከል እንደ መሐንዲስ እያሰላ የባላጋራውን ድካም ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ማሸነፍ ግንብን በጡጫ እንደ መምታት ነው። ከ1928 ዓመት ጀምሮ በጀርመን አገር ካሉ ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ሆነ። ከመስኮብ የመጣ ስደተኛ የጀርመን አንደኛ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያን ጊዜ መንግሥታት ሁሉ የሚመኙት የቴኒስ ዋንጫ የዴቪስ ዋንጫ ነበር። ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ ከብር አሠርቶ በ1900 ዓመት ለውድድር ሰጠው። በዚያ ዘመን ሁለት አገሮች ሲገጥሙ አምስት ጨዋታ ይደረግ ነበር ፤ አራቱ አንድ ለአንድ ፥ አምስተኛውም ሁለት ለሁለት ነበር። ሦስቱን ያሸነፈ አገር ያልፍ ነበር። ሰው በሌላ ውድድር ለራሱ ይጫወታል ፤ በዚህ ግን ለአገሩ ይጫወታል። ስለዚህ የሚሸነፍ ሰው ኀዘኑ ድርብ ነው ፥ የሚያሸንፍም ደስታው ድርብ ነው።

ጀርመን በ1914 ዓመት ስለ ተነሣው ጦርነት በዓለም ዘንድ የተጠላች አገር ሆና ነበር። ወደዚህም ውድድር ተመልሳ የገባችው ብዙ ዓመት ከቆየች በኋላ ነው። በ1929 ዓመት በበርሊን ከእንግሊዝ ጋር ገጠመች። ሁለቱ እኩል ሆነው ሳሉ የመጨረሻው ጨዋታ ለፕሬንና በኒ ኦስቲን ለሚባል የካምብሪጅ ተማሪ ለነበረ እንግሊዛዊ ደረሰ። አራት ዙር ተጫውተው ሁለት ለሁለት ሆኑ። በአምስተኛው ዙር ኦስቲን ከድካም ብዛት ጡንቻው ተኰማተረበትና መቆም አቃተው ፤ ጨዋታውንም ሊፈጽም አልቻለም። ጀርመንም በዚህ አለፈች። በሚመጣው ዓመት በ1930 ፕሬን ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በታላቁ የዊምብልደን ውድድር ከሂልደ ክራቪንክል ጋር ተጣምሮ ወንድና ሴት በሚጣመሩበት ጨዋታ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ ፤ በዚያ ግን ተሸነፉ።

ታሪኩ ሁሉ ግን ምስጋና ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን በትልልቁ ውድድር የሚገቡት ተጫዋቾች ስለ ጨዋታቸው ገንዘብ እንዳይቀበሉ ብርቱ ሕግ ነበረ። በ1931 ዓመት ፕሬን ከመምቻ ሠሪዎች ጋር ስለ ገንዘብ ተነጋግሯል ተብሎ ተከሰሰ ፤ የጀርመን ቴኒስ ማኅበርም ለጊዜው ከጨዋታ አገደው። ሕጉ ለባለጠጋ ልጅ ቀላል ነበር ፤ ሠርቶ ለሚያድር ስደተኛ ግን ከባድ ነበር። ቢሆንም ሕግ ሕግ ነውና ቅጣቱን ተቀበለ ፥ ጊዜውንም ጨርሶ ተመለሰ። በዚያ ዓመት እርሱ ሳይኖር የተጫወተችው ጀርመን በዴቪስ ዋንጫ ቶሎ ተሸንፋ ወጣች።

የፕሬን ስም ከሁሉ ይልቅ የተነሣው በ1932 ዓመት በሐምሌ ወር ነው። በዚያን ጊዜ በጀርመን አገር ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ አጥቶ ነበር። በየመንገዱ የተለያዩ ወገኖች ይደባደቡ ነበር ፤ አዶልፍ ሂትለርም የአገሩን መከራ ሁሉ በአይሁድ ላይ እያመካኘ በየአደባባዩ ይናገር ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል እንግሊዞች ለዴቪስ ዋንጫ ወደ በርሊን መጡ። ይዘዋቸው የመጡት ሁለቱ ዋና ተጫዋቾች ኦስቲንና ፍሬድ ፔሪ ናቸው። ኦስቲን ከጥቂት ቀን በፊት በዊምብልደን እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደርሶ ነበር። ፔሪ ደግሞ የ23 ዓመት ጐልማሳ ነው ፤ በ1929 ዓመት በጠረጴዛ ቴኒስ የዓለም አንደኛ ተብሎ ነበር ፥ አሁንም በሣር ሜዳ ስሙ እየገነነ ነበር። ከጀርመኖች ወገን ፕሬንና ጐትፍሪድ ፎን ክራም የሚባል የመኳንንት ልጅ ተሰለፉ።

በመጀመሪያው ቀን ፕሬን ኦስቲንን አሸነፈ ፤ ፎን ክራም ግን በፔሪ ተሸነፈ። በሁለተኛው ቀን በጥንድ ጨዋታ እንግሊዞች አሸነፉ። በሦስተኛው ቀን ፎን ክራም ኦስቲንን አሸንፎ አገሩን ከእንግሊዝ ጋር አስተካከለ። አሁን ሁሉ በአንድ ጨዋታ ላይ ቀረ ፤ እርሱም የፕሬንና የፔሪ ግጥሚያ ነው።

ፕሬን የመጀመሪያውን ዙር ስድስት ለሁለት ፥ ሁለተኛውንም ስድስት ለአራት አሸነፈ። ሕዝቡ ነገሩ ያለቀ መስሎት ደስ አለው። ነገር ግን ፔሪ በሩጫ ከቶ የማይደክም ሰው ነበር። ሦስተኛውን ዙር ስድስት ለሦስት ወሰደ ፤ በአራተኛውም ዙር ፕሬን አንድ ጌም እንኳ ሳያገኝ ስድስት ለባዶ ተሸነፈ። በአምስተኛው ዙር ፔሪ አምስት ጌም ሲያገኝ ፕሬን ያገኘው ሁለት ብቻ ነበር። ፔሪ አንድ ጌም ብቻ ቢጨምር ጨዋታው ያልቃል ፥ እንግሊዝም ታልፋለች። በዙሪያው የተቀመጡት በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ዝም አሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ አንዳንድ ሰው ይናደዳል ፥ ኳሷንም በኀይል እየመታ ከመሥመር ያወጣል። ሌላውም ልቡ ወድቆ ቶሎ እንዲያልቅለት ይመኛል። ፕሬን ሁለቱንም አላደረገም። በመጀመሪያው ሰዓት እንደ ተጫወተ እንዲሁ ተጫወተ ፤ የመጣችውን ኳስ መለሰ ፥ ደግሞም መለሰ። ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ ፥ አራት ሆነ ፥ አምስት ሆነ። ፔሪ የያዘው ድል ከእጁ ሲወጣ አየ። ፕሬን ስድስተኛውንም ሰባተኛውንም አገኘ። አምስት ጌም በተከታታይ አሸንፎ ዙሩን ሰባት ለአምስት ፈጸመ። ሕዝቡም ወደ ሜዳ ገብቶ ፕሬንን በትከሻው ተሸክሞ በእልልታና በጭብጨባ አወጣው። ከዚህ በኋላ ጀርመን ጣልያንን አሸነፈች ፤ በፓሪስም ከአሜሪካ ጋር ገጥማ ሦስት ለሁለት ተሸነፈች። በዚያው ዓመት ፕሬን በዓለም ካሉት ተጫዋቾች ስድስተኛ ተብሎ ተቈጠረ።

በዚያው በሐምሌ ወር መጨረሻ በጀርመን ምርጫ ተደረገ ፤ የሂትለርም ወገን ከሌሎቹ ወገኖች ሁሉ የበለጠ ድምፅ አገኘ። አይሁዳዊውን በትከሻው ከተሸከመው ሕዝብ ስንቱ ለሂትለር ድምፁን እንደ ሰጠ የቈጠረ ሰው የለም።

በ1933 ዓመት በጥር ወር ሂትለር የመንግሥቱ መሪ ሆነ። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ የአይሁድ ሱቆች እንዳይገዛባቸው ወታደሮቹን በየበሩ አቆመ ፤ ቀጥሎም አይሁድ ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡ ሕግ ወጣ። በዚያው ወር የጀርመን ቴኒስ ማኅበር ውሳኔውን አሳወቀ ፤ ይኸውም ማንም አይሁዳዊ ለአገሩ እንዳይመረጥ የሚል ነበር። የፕሬንም ስም ተለይቶ ተጻፈ ፤ አይሁዳዊ ነውና በዚያ ዓመት ለዴቪስ ዋንጫ እንዳይጫወት ተወሰነ። ማንም አይሁዳዊ የሚለው ቃል ይበቃ ነበር ፤ ነገር ግን ስሙን ካልጻፉ ሰው ሁሉ በሐምሌ ያደረገውን አስታውሶ እንዳይጠይቅ የፈሩ ይመስላል።

በዚህ መከራ ፕሬን ብቻውን አልነበረም። ኔሊ ኔፓኽ የምትባል አይሁዳዊት ሴት በ1925 ዓመት የጀርመን የሴቶች አንደኛ ነበረች። እርስዋም ከማኅበርዋ ወጣች ፤ ኀዘኑን መሸከም አቅቷት በዚያው በ1933 ዓመት በግንቦት ወር ሞተች።

በጀርመን አገር በአደባባይ ስለ ፕሬን የተከራከረ አልተገኘም። ብዙዎች ፈሩ ፤ ብዙዎችም ለነርሱ ጥቅም መስሏቸው ዝም አሉ። የተናገሩት እርሱ ያሸነፋቸው ሰዎች ናቸው። ፍሬድ ፔሪና በኒ ኦስቲን ታይምስ ለሚባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ፕሬን በበርሊን በብዙ ሕዝብ ፊት ጀርመንን ለድል አብቅቶ በክብር ተሸክመውት እንደ ነበረ አስታወሱ ፤ በዘሩ ምክንያት መከልከሉም በሕዝቦች መካከል የሚደረገውን ውድድር ክብሩን የሚያጠፋ መሆኑን ገለጡ። ደብዳቤው አጭር ነው። ነገር ግን ፕሬን ባይኖር እንግሊዝ በሚመጣው ጊዜ ጀርመንን ማሸነፍ ይቀላት ነበር። ፔሪና ኦስቲን የፕሬን መውጣት ይጠቅማቸው ነበር እንጂ አይጐዳቸውም ፤ ይህንም እያወቁ ጻፉ። ብዙ የዓለም ስፖርተኞች ምንም ሳይሉ ቀሩ።

ሁለተኛው ምስክር ንጉሥ ነበሩ። የስዊድን ንጉሥ አምስተኛው ጉስታቭ ቴኒስ እጅግ ይወዱ ነበር ፤ በጨዋታም ጊዜ ንጉሥነታቸውን ትተው ሚስተር ጂ በሚል ስም ይገቡ ነበር። በ1933 ዓመት ወደ በርሊን በመጡ ጊዜ ዕድሜያቸው 74 ዓመት ነበር። ከፕሬዚዳንቱ ከሂንደንቡርግና ከሂትለር ጋር ተገናኙ። ከዚያም ወደ ቀይና ነጭ ማኅበር ሄደው ከፕሬን ጋር ቴኒስ ተጫወቱ። ብዙ ቃል አልተናገሩም ፤ ነገር ግን በርሊን ሁሉ አየ። የንጉሥ መምቻ በዚያ ቀን ከብዙ ጋዜጣ ይልቅ ተናገረ።

ይሁን እንጂ የንጉሥም ወዳጅነት ሆነ የእንግሊዞቹ ደብዳቤ ውሳኔውን አልለወጠውም። ፕሬን ከአሥራ ስድስት ዓመት ገደማ በፊት ያየው ነገር እንደ ገና መጣበት። ብዙ አይሁድ ክፉው ዘመን ቶሎ ያልፋል ብለው በጀርመን አገር ቆዩ ፤ እርሱ ግን በልጅነቱ አንድ መንግሥት ሲፈርስ አይቶ ነበርና አልጠበቀም። በዚያው ዓመት ከሚስቱ ከሻርሎት ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። ዕድሜው 29 ዓመት አካባቢ ነበር ፤ ለተጫዋች ጕልበት የሚሞላበት ጊዜ ነው። ለሁለተኛ ጊዜም ቋንቋንና አገርን ከመጀመሪያ መማር ግዴታ ሆነበት።

በእንግሊዝ አገር ለራሱ በዊምብልደንና በሌሎች ውድድሮች ተጫወተ ፤ ነገር ግን ለዴቪስ ዋንጫ ዳግመኛ አልተሰለፈም። የቀድሞው ኀይሉም አልተመለሰም። ሰው ሥራ ሲፈልግና ልቡ ሲጨነቅ ኳስ መምታት አይችልም። ያንጊዜ በበርሊን የተማረው ምሕንድስና ጠቀመው። በዚያ ዘመን ራዲዮ በየቤቱ እየገባ ነበርና ድምፅ ማጕያ የሚሠራ ትሩቮክስ የሚባል የሥራ ቤት አቆመ። ሥራውም ተስፋፋ ፤ ባዶ እጁን የመጣው ስደተኛ ለብዙ እንግሊዞች እንጀራ የሚሰጥ ጌታ ሆነ።

ያሳደደው መንግሥት ከዚያ ወዲያ ያደረገው ይታወቃል። በሁለተኛው ታላቅ ጦርነት ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ተገደሉ። ፕሬን በተወለደባት በቪልና ይኖሩ የነበሩት አይሁድ አብዛኞቹ ከከተማዋ ውጭ በፖናሪ ጫካ ተወስደው በጥይት አለቁ። የፕሬን ጓደኛ የነበረው ፎን ክራምም ለሂትለር ወገን አልገባም ብሎ ነበር ፤ በ1938 ዓመት በዚያው መንግሥት ታሰረ። በዚህ ሁሉ ዘመን የዴቪስ ዋንጫ ወደ በርሊን አልመጣም። እንግሊዝ በፔሪና በኦስቲን ኀይል ከ1933 ጀምሮ እስከ 1936 ዓመት ያዘችው። ጀርመን ዋንጫውን በመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው በ1988 ዓመት ነው ፤ በዚያን ጊዜ ፕሬን በእንግሊዝ አገር 84 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነበር።

ልጆቹም መምቻ ያዙ። ኦሊቨር እንደ አባቱ ቴኒስ ተጫወተ። ጆን ደግሞ በግንብ ውስጥ በፈጣን ኳስ የሚደረገውን ራኬትስ የሚባለውን ጨዋታ መረጠ ፤ በ1981 ዓመትም የዓለም አንደኛ ሆነ። አባቱ ይህን በሕይወት ሳለ አየ። ዳንኤል ፕሬን በ1991 ዓመት በእንግሊዝ አገር ሞተ።